ምጽዋት ከየት፣ ሰደቃስ ከየት?

«ምጽዋት ሥሩ ምንድን ነው? ሰደቃስ አማርኛ ሆኗል ወይስ እንግዳ ነው?» ላልከው ወንድሜ። (አንቱ አላልኩህም፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበረክት ታውቃለህ።)

ግእዙ መጽወተ ይላል፤ መጽዋች፣ ተመጽዋች፣ ሙዳየ ምጽዋት ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ነገር የምትፈጥረው መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» ናት። የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ቃሉን የአይሁድ አራማይክ ወደሚለው «ሚጽወታ» ይወስዱታል፤ ዕብራይስጡ «ሚጽዋ» ነው፣ ትእዛዝ ማለት። ከትእዛዛቱ መሀል ለድሃ መስጠት እየጎላ ሄደና ስሙን ለብቻው ወሰደው። «ት» እዚያ የአንስታይ ጾታ ምልክት ነበረች። ግእዝ ግን ቃሉን ሲቀበል ከሥር ፊደላቱ ቆጠራትና መጽወተ ብሎ አረባ። ስለዚህ እዚህ ላይ የቀደመው ስሙ ነው፣ ግሱ ኋላ መጣ። ሃይማኖት፣ ታቦት፣ ጣዖትና ኦሪትም በዚያው በር የገቡ ናቸው።

ሰደቃ በዓረብኛ በኩል መጣ እንጂ ለኛ ባዳ አይደለም። ሥሩ ጸደቀ ነው፤ ጽድቅና ጻድቅ የአጎቱ ልጆች ናቸው። ዕብራይስጡም ለችግረኛ የሚሰጠውን «ጸዳቃ» ይለዋል። ሷድ የሚባለው የዓረብኛ ፊደል በኛ አፍ «ሰ» ሆነ፤ ጾምን ከሶም፣ ጸሎትን ከሶላት አጠገብ አድርገህ እየው። እንግዲህ «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው ሰደቃን ሳያውቀው እየጠራ ነው።

ዘካን ከሰደቃ ጋር የምታምታቱ አላችሁ። ዘካ ግዴታ ነው፦ የተወሰነ መጠን የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ ከመቶው 2.5 ይወጣበታል። ሰደቃ ግን በፈቃድ ነው። አፋችን ላይ ደግሞ ሌላም ትርጉም ይዟል፤ «ነገ የአባቴ ሰደቃ ነው» ያለህ ሰው ለሟች የሚወጣውን ድግስ ነው የሚነግርህ፣ ክርስቲያኑ ተዝካር እንደሚለው። ግሶቹንም አስተውሉ፦ ምጽዋት ይሰጣል፣ ሰደቃና ዘካ ይወጣሉ፣ የቁልቢ ስለት ይገባል። «ዘካ ሰጠሁ» ቢባል ስህተት አይደለም፤ ለኔ ጆሮ ግን «አወጣሁ» ይጥመዋል።

ቀፊራ ገበያ በር ላይ የሚቀመጠውን የኔ ቢጤ ብትሰሙት ከመዝገበ ቃላት ይሻላል። ነጠላ የለበሰች ስታልፍ «ስለ ቁልቢው ገብርኤል» ይላል፤ ሽርጥ ያገለደመ ሲመጣ «ለአላህ ብለህ»። ማንነቱ ያልለየለት ጂንስ ለባሽ ከሆነ እጁን ብቻ ይዘረጋል። «ምጽዋት ስጡኝ» ሲል ግን ሰምቼው አላውቅም፤ ቃሉ የሰባኪውና የሣጥኑ ነው፣ የለማኙ አይደለም። ሳንቲም ያልያዘውም ሰው «የለኝም» አይለውም፣ «እግዜር ይስጥህ» ወይም «አላህ ይስጥህ» ብሎ ያልፋል።

የምጽዋትን አጻጻፍ ለጠየቀችው እህት፦ በጸሎቱ «ጸ» ነው። በፀሐዩ «ፀ» መጻፍ ዛሬ የተለመደ ቢሆንም ሥሩን ይሸፍናል። ጸሎቱ «ጸ» የዓረብኛው ሷድ ጓደኛ ነው፣ ፀሐዩ «ፀ» ደግሞ የሌላው የዓረብኛ ፊደል፣ የዷድ። ለዚህም ነው ፀሐይ የረፋዱን ሶላት ስም፣ ዱሃን፣ የምትመስለው።