ከመርከብ ሽርሽር ስመለስ የልጅ ልጅ ጠበቀችኝ፤ ክርስትናዋ ከሠርጉ ጋር ይደገስ ወይ?

የጠባሴዋ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጣልያን አገር ያለው ልጄ ታኅሣሥ ላይ ወስዶ በመርከብ አዝናናኝ። ሮም አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥተን ማርሴይንና ባርሴሎናን አየን። ፈረንጆቹ ገናቸውን ሲያከብሩ እኔ ጾመ ነቢያት ላይ ስለነበርኩ በዳቦና በወይራ ፍሬ ሰነበትኩ። ንፋሱም የእኛን ብርድ ለለመደ ሰው ምንም አይደል። ልጄን እግዜር ይስጠው፣ ደስ ብሎኛል። ዋናው ወሬዬ ግን ቤት ስደርስ የጠበቀኝ ነው።

ምራቴ ቀኗ ሳይደርስ ለቁልቢ ገብርኤል ዕለት ወለደች። ሴት ልጅ! መርከብ ላይ ስልክ እንደልብ ስለማይሠራ «እዚያ ሆና ከምትጨነቅ» ብለው ዝም አሉኝ። አራስ ቤት ስገባ ሕፃኗ በነጭ ጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። ፊቷ ከቡጢዬ አይበልጥም። ጣቴን ብሰጣት ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ፣ አልለቅም አለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ምራቴ እናቷ በሕይወት የለችም፤ የምታርሳት እኔ ነበርኩ። ገንፎውን ጎረቤቴ ናት ያገነፋችላት።

በዚያው ሰሞን ለሴቷ ልጄ ሽማግሌ መጥቷል። ባለቤቴ «እናቷ ሳትኖር ቃል አልሰጥም» ብሎ በቀጠሮ መለሳቸው። አኮራኝ። እናቴም ብቻዋን መኖር ከብዷት ከመንዝ መጥታለች፤ ባናዋንና መቁጠሪያዋን ይዛ የጎኑ ክፍል ገብታለች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የሕፃኗ 80 ቀን መጋቢት ላይ፣ ሁዳዴ መሃል ይውላል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ባለቤቴ «ኑሮው ተወዷል፣ ክርስትናውንም ሠርጉንም አንዴ እንደግስ» ይላል። እኔ አልዋጥልህ አለኝ። ስትወለድ ያልነበርኩላት ልጅ፣ ቢያንስ ክርስትናዋ በራሷ ቀን ይደገስላት ባይ ነኝ። እናንተ አካባቢ እንዴት ይደረጋል?

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦
እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ጥምቀቱ ለሠርግ ተብሎ አይገፋም። አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ የሚለው ኩፋሌ ላይ አለ፤ ወንድ በ40 ሴት በ80 ክርስትና የሚነሡት ለዚህ ነው። ጾም መሆኑ አይከለክልም። የሚያስቸግረው ሰሙነ ሕማማት ላይ ቢውል ነበር፣ የእርስዎ ከዚያ በፊት ነው። ካህኑን ቀደም ብለው ያናግሩ፤ ክርስትና እናቷንም ከአሁኑ ይንገሯት።

መሐል ሜዳ፦
የእህቴን ልጅ ክርስትና በጾም ነው የደገስነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የገብስ ጠላ። በግ አልታረደም እንጂ የጎደለ ነገር አልነበረም። ወጪውም ቀለለን። ከሠርግ ጋር ግን አይቀላቅሉት። የወንድሜ ልጅ ላይ ደርሷል፤ ሰው ሁሉ ሙሽራዋ ላይ ሲሻማ፣ እናትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ ወጥ ቤት ዋለች። ጠይቆ የሳማት እንኳ የለም።

የአንኮበር ልጅ፦
እኔ በከፊል ከጋሼ ጋር ነኝ። በዚህ ኑሮ ሁለት ትልቅ ድግስ አይቻልም። ጥምቀቱ በቀኑ ሆኖ ለቤተ ዘመድ የጾም ምሳ ይብቃው። ለሠርጉ ቀን ሲቆርጡ ደግሞ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን 50 ቀን ያስቡ፤ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ለደጋሽ ይመቻል። ካለፈ የሰኔ ጾም ይገባል።

የጠባሴዋ እናት፦
ተባረኩ ልጆቼ። ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት። ወጥ ቤት የዋለችዋ እናት ጋ ስደርስ ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ በቀኗ ይሁን» አለ። እናቴም የሱፉን ፍትፍት ለማንም አልሰጥም ብላለች። ክርስትና እናቷ ያቺ ገንፎ ያገነፋችው ጎረቤቴ ትሆናለች፤ ይገባታል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመለሳሉ፤ ያኔ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን። በዚህ ሰሞን ጥሩ ጌሾ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ግን ንገሩኝ።