ሮዝ ማማ ስንሠራ 2 ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

አናጺ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። አብዛኛው ሥራዬ በርና ቁም ሣጥን ነው፤ አዲስ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። በሐምሌ ግን የአንድ አጸደ ሕፃናት ርእሰ መምህርት ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ሮዝ ቀለም የተቀቡ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደራረቡ 10 ኩቦች ናቸው። ትልቁ በሁሉም ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሹ 1 ሴንቲ ሜትር። «የሞንቴሶሪ ማማ ነው፤ ለመስከረም አድርስልኝ» አሉኝ።

ከዋንዛ ቆርጬ፣ ልጌ፣ ቀብቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ ሦስቱን መልሰው አመጡልኝ። ከሁሉ የባሰው ባለ 7 ሴንቲ ሜትሩ ነበር፤ በካሊፐር ስንለካው አንዱ ጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ጎድሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስቱም ከአንድ እርጥብ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ሲደርቁ ተኮማተሩ። እንደገና እሠራቸዋለሁ፣ ዋጋም አልጨምርም።

ነገር ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። በበር ሥራ 2 ሚሊ ሜትር በክፈፉ ይሸፈናል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን እንዴት ያውቀዋል? ደግሞም ርእሰ መምህርቷ ሞንቴሶሪ የሚባለው ትምህርት፣ ልጆች እንዲህ ያለ ዕቃ በእጃቸው እየያዙ የሚማሩበት፣ በዓለም ዙሪያ ማኅበር እንዳለው ነግረውኛል። ይህን ዕቃ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገኝ ይሆን? እኔም አራት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝና የምታውቁ አስረዱኝ።

መምህርት፣ ገላን

ወንድሜ፣ እንደገና እሠራለሁ ማለትዎ ደስ አሰኝቶኛል። ከእንጨቱ ልጀምር። ኩቦቹን በአንድ ማዕዘን አስተካክለው ቢደራርቧቸው፣ በየደረጃው 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ ይቀራል። ትንሿ ኩብ እዚያ ጠርዝ ላይ ልክ ትቀመጣለች። ልጆች ይህን ሲያገኙት ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ፤ ከታች እስከ ላይ በየደረጃው ያስቀምጧታል። የእርስዎ ባለ 7 ግን 2 ሚሊ ሜትር ስለጎደለው፣ ከባለ 8 ጋር ያለው ልዩነት 12፣ ከባለ 6 ጋር ያለው 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለትንሿ ኩብ አንዱ ጠርዝ ይሰፋታል፣ ሌላው ይጠባታል። ሕፃኑ ልኬቱን በቁጥር አያውቀውም፤ ዓይኑና እጁ ግን የሚማሩት ከዚያው ነው። መምህሯ «ተሳስተሃል» ማለት የለባትም፤ ስህተቱን የሚናገረው ዕቃው ራሱ ነው። ዕቃው ከዋሸ ልጁ ማንን ይመን?

አንድ ነገር አደራ፦ ትልልቆቹን ለማቅለል ብለው ውስጣቸውን ክፍት አያድርጓቸው። ትልቁ ኩብ የትንሹን 1,000 እጥፍ ያህላል፤ ክብደቱም ትምህርት ነው። ልጁ አንድ በአንድ፣ ትልቁን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ምንጣፉ ይወስደዋል።

ማሪያ ሞንቴሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበሩ። የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆች ጠባቂ አጥተው ግድግዳ ያበላሹ ስለነበር፣ የሕንፃዎቹ ባለቤቶች መዋያ ይሁንላቸው ብለው የጠየቁት ነው። ስለዚህ ነገሩ የተጀመረው ለሀብታም ልጅ አይደለም፤ ይህን ዘንድሮ ክፍያውን ለሚያንሩት ሁሉ ብነግራቸው እወዳለሁ። ዓለም አቀፉ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1929 ተመሠረተ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አምስተርዳም ነው። መምህራንን ያሠለጥናል፣ ዲፕሎማ ይሰጣል፣ የዕቃ አምራቾችንም መርምሮ ያጸድቃል። እንጨት ለመቁረጥ ግን ከማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም። «ማኅበሩ ያጸደቀው» ብለው ብቻ አይሽጡ።

እናት፣ ለገጣፎ

የመምህርቷ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ልጅዎ ልንገርዎት። ሞንቴሶሪ የሚለው ስም ባለቤት የለውም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1967 የማንም ብቸኛ የንግድ ምልክት ሊሆን እንደማይችል ተወስኗል። ማንም ሰው በሰሌዳው ላይ ሊጽፈው ይችላል። እኔ ሰሌዳ አይቼ ልጄን አስገባሁ። ዕቃዎቹ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፈው ወላጅ ሲመጣ ይታያሉ፤ ልጆቹ ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣሉ። ዓመት ሙሉ ከፍዬ ልጄ አንዱንም በእጁ ነክቶ አያውቅም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ጠዋት ገብቼ ልቀመጥ ይበሉ። መደርደሪያው ለልጅ ቁመት ይመጥናል? የሦስት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች አብረው ናቸው? ልጆቹ በመረጡት ሥራ ላይ ሳይቋረጡ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ? ደንቡ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በየአርባ ደቂቃው ደወል ከተደወለ ይውጡ።

የድሮ የቆሎ ተማሪ፣ ሰንዳፋ

ልጄ፣ ዕድሜን ቀላቅሎ ማስተማር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ አፍ ብቻ አልነበረም። ዳዊት የሚደግመው ልጅ እኔን ያስቆጥረኝ ነበር፤ እኔም ከኋላዬ የመጣውን ሀ ሁ አስቆጥሬአለሁ። ሁሉም በራሱ ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ አንዱ አቡጊዳ ላይ ሲቆይ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ይገባል። አለንጋውን ግን አልናፍቀውም። በሞንቴሶሪ ልጁ ሥራውን ይመርጣል ሲሉኝ በየኔታ ደጅ ያለቀስኩበት ጠዋት ትዝ አለኝ።

መምህርት፣ ገላን

አባቴ ፊደልን ስላነሡ፦ አናጺው ወንድማችን፣ የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ አይጥሉ። ፊደሉ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ለስላሳ ጣውላ ላይ ይለጠፋል። ልጁ እርሳስ ከመያዙ በፊት በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ፣ ድምፁን እየጠራ ቅርጹን ያጠናል። የላቲኑን ከውጭ ያመጣሉ፤ የእኛን ግን እኛው ካልሠራነው ማን ይሠራልናል? 231ዱን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ፤ ግዕዙን ብቻ ይሥሩ፤ ካዕብና ሣልሱ ይቆያል።

አናጺ፣ ቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱን ኩቦች ከከረመ ደረቅ ዋንዛ እንደገና ቆረጥኩ። ትናንት ማታ ቀለም ሳልቀባቸው፣ ከርእሰ መምህርቷ ከተዋስኳቸው ከቀሩት ሰባት ጋር ልጄ ፊት ወለሉ ላይ አኖርኳቸው፣ ምንም አላልኳትም። ባለ 7ውን ከባለ 6ቱ በላይ አስቀመጠች፤ ዝም ብላ አየችው፣ አነሣችው፣ ቦታውን ቀየረችለት። ከዚያ ትንሿን ይዛ በየጠርዙ አዞረቻት። በየደረጃው ልክ ተቀመጠች። እናቷን ጠርቼ አሳየኋት።

ፊደሉን ረቡዕ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ሁሉንም ልቁረጥ ወይስ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ከየዘሩ አንድ ይበቃል?

የድሮ የቆሎ ተማሪ፣ ሰንዳፋ

ሁሉንም ቁረጥ ልጄ። ሰአሊ ብትል ለምኚ ማለት ነው፤ ሠዓሊ ብትል ሥዕል የሚሥል ሰው ነው። ጣቷ ልዩነቱን ከአሁኑ ትወቀው።