«ባዶ ሳጥን» ነው ወይስ የመጀመሪያው ፒሲ?

ብሎን ፈቺ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አቅራቢው «ስቲቭ ጆብስ የዓለምን የመጀመሪያ የግል ኮምፒውተር (ፒሲ) ጋራዥ ውስጥ ፈለሰፈ» ብሎ እርፍ! ወራጅ አለ ልል ምንም አልቀረኝ። የአፕል የመጀመሪያው ኮምፒውተር፣ አፕል አንድ፣ እኮ በ1976 ነው የወጣው (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ንድፉም የአጋሩ የስቲቭ ዎዝኒያክ ነው። አልቴር 8800 የሚባለው ኮምፒውተር ግን በጥር 1975 የፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ሽፋን ላይ ነበር።

ቤቲ ማክ፦ አልቴር? ያ አምፖሉ ብልጭ ድርግም የሚለው ባዶ ሳጥን? ኪቦርድ የለው፣ ስክሪን የለው። ሜሞሪው 256 ባይት! ይህቺ ኮሜንቴ እንኳ አትገባበትም።

ብሎን ፈቺ፦ ባዶ ሳጥን?? ውስጡ ኢንቴል 8080 አለ፤ ማይክሮፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል። ሰው በ397 ዶላር ኪቱን (ያልተገጣጠመውን ዕቃ) አዝዞ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ እየበየደ ገጣጥሞታል። ቢል ጌትስና ፖል አለን ማይክሮሶፍትን የጀመሩት ለዚህ «ባዶ ሳጥን» ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው ነው።

የድሮ ዲስኬት፦ እሳት ላይ ቤንዚን ልጨምር። መጽሔቱ ሽፋን ላይ ያለው የምር ባዶ ሳጥን ነበር! የአልቴር ሠሪ ኤድ ሮበርትስ ከአልበከርኪ ወደ ኒውዮርክ የላከው ናሙና መንገድ ላይ ጠፋ። ጊዜ ስላልነበረ ቀፎውን ብቻ ፎቶ አነሱት።

ቤቲ ማክ፦ ይኸው! ከራሳችሁ አፍ!

ብሎን ፈቺ፦ ዲስኬት፣ አንተ የማን ወገን ነህ? ፎቶ የተነሣው ሌላ፣ የተሸጠው ሌላ። ይልቅ አፕል አንድ በ666.66 ዶላር ሲሸጥ ሳጥንም አልነበረውም። እርቃኑን የቀረ ቦርድ! ኪቦርዱንም ቴሌቪዥኑንም ገዢው ይፈልግ። የእኔ ቢያንስ ሳጥን አለው።

ቤቲ ማክ፦ ኪቦርድ ሲሰካለት ግን ይጽፋል። በአንተኛው አንዲት ባይት ለማስገባት ስምንት ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ነው። ቆጣሪ ነው እንዴ?

ፓሪስ ነኝ፦ አሜሪካ አሜሪካ ስትሉ መሸ። ሚክራል ኤን የሚባለው የፈረንሳይ ኮምፒውተር በ1973 ነው የተሠራው። ያውም ለግብርና ምርምር ተቋም።

ብሎን ፈቺ፦ ለተቋም ከተሠራ «የግል» የሚለው የት ገባ ወዳጄ?

ፓሪስ ነኝ፦ ቅናት አይገድልም።

የድሮ ዲስኬት፦ ኬንባክ 1 ሁላችሁንም ይቀድማል። በ1971፣ በ750 ዶላር። ማይክሮፕሮሰሰር ገና ስላልነበረ ያለ እሱ ነው የተሠራው። የቦስተኑ የኮምፒውተር ሙዚየም «የመጀመሪያው ፒሲ የቱ ነው» ብሎ ሲያወዳድር ያሸነፈው እሱ ነው። ከዳኞቹ አንዱ ማን ነበር? ዎዝኒያክ!

ቤቲ ማክ፦ የተሸጠው 40 አካባቢ ነው አይደል? ይሄ ፒሲ ነው ወይስ ዕድር?

ዝምተኛው፦ አቅራቢውን ለቀቅ አድርጉት በናታችሁ፣ የሰፈሬ ልጅ ነው። የተሰጠውን ነው ያነበበው።

ብሎን ፈቺ፦ የሰጠው ሰው ይነገረው እንግዲህ። ዎዝኒያክ አፕል አንድን ያሰበው በመጋቢት 1975 የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ማኅበር የሆነው የሆምብሩ ክለብ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነው። ያ ስብሰባ ለምን ተጠራ? አልቴር መጣ ተብሎ! ጋራዡንም ቢሆን ራሱ ዎዝኒያክ ንድፉ እዚያ አልተሠራም ብሏል። እና ቤቲ፣ ያንቺ አፕል የማን ልጅ ነው?

ቤቲ ማክ፦ ልጅ ከአባቱ ሲበልጥ አላየህም?

ብሎን ፈቺ፦ አባትነቱን አመንሽ ማለት ነው! በነገራችን ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይበላል። በ256 ባይት 85 ፊደል ትጽፊያለሽ። ያቺ «አትገባበትም» ያልሽው ኮሜንትሽ እንኳ ትገባ ነበር።

ቤቲ ማክ፦ ባዶ ሳጥን። ይህቺስ ገባች?