ሲሚንቶ እግሬን ላጠው፣ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች። ትናንት ወለል ስንሞላ እርጥብ ኮንክሪት ቦቲዬ ውስጥ ገባ። ስላላመመኝ ዝም ብዬ እስከ ማታ ሠራሁ። ሳወልቀው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቆዳው ተልጧል! አሲድ እኮ አይደለም፣ ምንድነው ነገሩ?

መልስ፦ የአሲድ ተቃራኒ ነው፣ ግን ከአሲድ አይተናነስም። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ ነው፤ ውሃ ሲነካው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል የአሲድ ተቃራኒ ይፈጠርና ፒኤቹ (ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ተቃራኒው የሆነበት መለኪያ) 12 ወይም 13 ይደርሳል፣ ቆዳን ቀስ እያለ ይበላል፣ መጀመሪያ ላይ ስለማያም ደግሞ ሰው ይሸወዳል። አንተም የተሸወድከው እዚህ ጋ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ኬሚስትሪው ይደርሳል። ለሌላ ጊዜ ጫማና ካልሲህን ወዲያው አውልቀህ ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጠብ። ዱቄት ከሆነ አስቀድመህ አራግፈው።

መልስ፦ ሱሪህን ቦቲው ውስጥ አትክተት፣ ከላይ አውርደው። ጓንትም ውስጡ ከረጠበ ጣለው፣ ሲሚንቶውን ቆዳህ ላይ አፍኖ ይይዘዋል። እኔ ለዓመታት በባዶ እጅ አቡክቼ አለርጂ ያዘኝ፣ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ነው አሉኝ። አንዴ ከጀመረ አይለቅም።

ጠያቂው፦ ሄጄ መጣሁ። ቁስሉ ጠለቅ ያለ ነው፣ ለጊዜው ሥራ የለም ተብያለሁ።