ከቀረጥ ነፃ የተገዛ ጠርሙስ ነፃነቱ እስከ የት ነው?

የተከበራችሁ ወገኖች፣

እህታችን በጉዞ ላይ ስለተወሰደባቸው የውስኪ ጠርሙስ ያነሱት ጥያቄ፣ ማለትም «ደረሰኙን እያሳየሁ እንዴት ይወሰድብኛል?» የሚለው፣ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአሜሪካ አየር ማረፊያ ቆሜ የጠየቅሁት ነው። ያኔ ያልገባኝንና ከዚያ በኋላ የየአገሩን ደንብ እያገላበጥሁ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ሻጩ ጠርሙሱን ግልጽ በሆነ ከረጢት አሽጎ፣ ደረሰኙንም ከውጭ እንዲነበብ አድርጎ ከውስጥ አስገብቶልኝ ነበር። በበረራው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሰው ጠርሙሱን ለማየት ቢጠይቁኝ ከረጢቱን ቀደድሁት። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ ባረፈበት አየር ማረፊያ ሻንጣውን ተቀብሎ በጉምሩክ ካለፈ በኋላ ለቀጣዩ በረራ መልሶ ያስረክባል። እኔም ሻንጣዬን አስረክቤ፣ ጠርሙሱን በእጄ እንደያዝሁ ወደ ፍተሻው አመራሁ። ፈታሹ ደረሰኙን አንብቦ በትሕትና መለሰልኝና የተቀደደውን የከረጢት ጠርዝ በጣቱ አሳየኝ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ መጠጥ በእጅ ተይዞ የሚያልፈው እሽጉ ካልተነካ ብቻ ነበርና ጠርሙሱ እዚያው ቀረ። ከአሥር ደቂቃ በፊት ሻንጣው ውስጥ ብከተው ኖሮ አብሮኝ ቤቴ በገባ ነበር።

የብዙዎቻችን ስሕተት የሚመነጨው «ከቀረጥ ነፃ» ከሚለው ስያሜ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1947 በአየርላንድ ሻነን አየር ማረፊያ እንዲህ ያለ ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ጀምሮ፣ ስያሜው የሚመለከተው የሻጩን አገር ግብር ነው። ዕቃው ከአገር ስለሚወጣ ያ አገር ቀረጡን ይተወዋል፤ የሚቀበለው አገር ግን የገባው ቃል የለም።

የተቀባዩ አገር ልክ ደግሞ በእጅጉ ይለያያል። አሜሪካ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ያለ ቀረጥ የምትፈቅደው በአብዛኛው 1 ሊትር ብቻ ነው። ካናዳ ወይን 1.5 ሊትር፣ ወይም ጠንካራ መጠጥ 1.14 ሊትር፣ ወይም ቢራ 8.5 ሊትር አስቀምጣ አንዱን እንድንመርጥ ታደርጋለች። አውስትራሊያ ሁሉንም ደምራ 2.25 ሊትር ትላለች። ብሪታንያ ግን ከ2021 ጀምሮ ጠንካራ መጠጥ 4 ሊትር፣ በዚያ ላይ ወይን 18 ሊትርና ቢራ 42 ሊትር ስለምትፈቅድ፣ ለንደን ላይ የለመደ ሰው ሌላ ቦታ ሲደርስ መደንገጡ አይቀርም። «አራት ነን» ብሎ የልጆችን ድርሻ መቁጠርም አያስኬድም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በመጠጥ ላይ ድርሻ የለውም።

በእነዚህ አገሮች ከልኩ በላይ ይዞ መግባት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አስመዝግቦ ቀረጡን መክፈል ይቻላል። ጥፋት የሚሆነው ሳያስመዘግቡ ማለፍ ነው። እንደ ብሪታንያ ባሉ አገሮች የሚያስመዘግበው የሌለው መንገደኛ የሚያልፍበት አረንጓዴ መስመር አለ። በዚያ መስመር መራመድ ራሱ የቃል ያህል ስለሚቆጠር፣ «ማንም አልጠየቀኝም» የሚለው መከላከያ አይሠራም። ጥቂት ገንዘብ ለማዳን ብሎ በጉምሩክ መዝገብ ስምን ማስፈር፣ በተለይ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ በእጁ ላለ ሰው፣ ፈጽሞ አይመከርም።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስንሻገር ነገሩ የሊትር ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ሳዑዲ ዓረቢያ መጠጥን ከ1952 ጀምሮ የከለከለች ሲሆን፣ በ2024 በሪያድ የተከፈተውም ሱቅ ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች የታሰበ እንጂ ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ መንገደኛ የሚጠቅመው ነገር አልነበረም። ኩዌትና ቀጠርም ይዞ መግባትን ይከለክላሉ። ዱባይ ሙስሊም ላልሆነ መንገደኛ 4 ሊትር ትፈቅዳለች፤ ይሁንና እዚያ በሕጋዊ መንገድ የገባው ጠርሙስ በመኪና አጎራባቿን ሻርጃን ሲረግጥ ሕገ ወጥ ይሆናል፤ ሻርጃ መጠጥን በመሸጥም ሆነ በመያዝ ትከለክላለችና። በሁለቱ መካከል የጉምሩክ ኬላ ስለሌለ ማንም አያስጠነቅቅም።

ከገቡ በኋላም ቢሆን የለመዱትን ልክ ይዞ መኖር አይቻልም። በስዊድን የ18 ዓመት ወጣት መጠጥ ቤት ገብቶ ሊጠጣ ይችላል፤ ከመንግሥት የመጠጥ መደብር ለመግዛት ግን 20 ሊሞላው ይገባል። ለአሽከርካሪ በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በእንግሊዝ 0.08 በመቶ ሲሆን በስኮትላንድ ከ2014 ጀምሮ 0.05፣ በስዊድን ደግሞ 0.02 ነው። በጃፓን አሽከርካሪው መጠጣቱን እያወቀ አብሮት የተሳፈረ ሰውም ይቀጣል።

እህታችን በሚቀጥለው ጉዟቸው ጠርሙሱን እንዴት ይዘው እንደሚሄዱ ለጠየቁት መልሱ ቀላል ነው። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በፋብሪካ እሽጉ ሆኖ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር በሚረከብ ሻንጣ ይጫናል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነው በየትኛውም ሻንጣ አይፈቀድም። ጠርሙሱን በወፍራም ካልሲ ከትተው በልብሶች መካከል ያስቀምጡት። በመሸጋገሪያው ላይ ሻንጣውን መልሰው የሚያገኙት መሆን አለመሆኑንም ከመግዛትዎ በፊት አየር መንገዱን ይጠይቁ።