ከአፍንጫዋ ሥር ቢጫ ቅርፊት ያለው ቁስል ወጣባት፤ ምች ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ልጄ ከአፍንጫዋ ሥር ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣባትና ፈነዳ። አሁን ማር የደረቀበት የሚመስል ቢጫ ቅርፊት ይዟል፤ አገጯና ክንዷ ላይም ጀምሯታል። ትኩሳት የላትም። ጎረቤታችን እማማ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ቀቢያት» አሉኝ። ቤት ውስጥ ቤታሜታዞን ክሬምም አለ። የቱ ይሻላል? ኬጂ ትሂድ? የ9 ወር ሕፃንም አለችን።

የቆዳ ክሊኒክ ነርስ
እህቴ፣ ኢምፔታይጎ የሚባል የቆዳ ኢንፌክሽን ይመስላል፤ ለማረጋገጥ ግን መታየት አለባት። ስታፊሎኮከስ ወይም ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በተጫረ ወይም በንፍጥ በተላጠ ቆዳ ሲገቡ የሚመጣ ነው። ምች የምንለው የቫይረስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከንፈር ዳር ይለበልብና ትንንሽ ሆኖ ተጠጋግቶ ይወጣል። ጭርት ደግሞ ክብ ሠርቶ መሐሉ እየጠራ ይሰፋል።

ቤታሜታዞኑን ተዪው። መቅላቱን ስለሚያጠፋው የዳነች ይመስልሻል፤ ባክቴሪያውን አይገድልም፣ የቆዳውን መከላከያም ስለሚያዳክም ቁስሉ ይዛመታል። ዳማከሴውም ለራስ ምታት ይቆይ፣ ክፍት ቁስል ላይ አይጨመቅም።

ፋርማሲስት
ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅባቱን ቅርፊቱ ላይ መቀባቱ ነው፤ ባክቴሪያው ያለው ከሥር ስለሆነ አይደርሰውም። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ንጹሕ ጨርቅ ነክረሽ 10 ደቂቃ ያህል ቁስሉ ላይ አቆዪው። ከዚያ በሳሙና ቀስ አድርገሽ እጠቢ። የላላው ይነሳል፣ አልነሳ ያለውን አትላጪው፣ ይደማል። አድርቀሽ በሐኪም የታዘዘ ሙፒሮሲን 2% (ባክቴሪያ የሚገድል ቅባት) በቀን 3 ጊዜ ለ5 ቀን በስሱ ቀቢ። የቱቦውን አፍ ቁስሉ ላይ አታስነኪ። ከመቀባትሽ በፊትም በኋላም እጅሽን ታጠቢ። በ3 ቀን ለውጥ ከሌለው መልሰሽ አሳያት። የዓይን ቴትራሳይክሊን በዚህ ቦታ አይተካውም።

የሕፃናት ሐኪም
ቁስሉ ብዙ ቦታ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ዙሪያው ቀልቶ ከሞቀና ካበጠ ቅባት ብቻ አይበቃም፤ በኪሎዋ ተሰልቶ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ማታ ማታ የምታክ ከሆነና በጣቶቿ መሐልም ካለ እከክ ሊኖር ይችላል። እሱ ካልታከመ በጭረቱ ኢምፔታይጎው ይመለሳል፤ የእከክ ሕክምና ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ካልወሰደው ዋጋ የለውም።

ቁስሉ ከዳነም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሽንቷን እዪ። እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም ጠዋት ፊቷ ካበጠ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ስትሬፕቶኮከስ አልፎ አልፎ ኩላሊት ያስቆጣል።

የኬጂ መምህርት
ሕክምና ከጀመረች 24 ሰዓት ሳይሞላ አትላኪያት። ከዚያም ክንዷ ላይ ያለው በቁስል መሸፈኛ ጋዝ ይሸፈን። ለመምህሯ ንገሪያት፤ ሌሎች ልጆች ላይ ቶሎ እንድታየው እንጂ ልጅሽን ለማግለል አይደለም። ጥፍሯን አሳጥሪ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ሕፃኗ ላይ እስካሁን ምንም የለም። ቅባቱን ቀድሜ ብቀባትስ?

ፋርማሲስት
የለም፤ ጤነኛ ቆዳ ላይ መቀባት ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ነው የሚያደርገው። ፎጣ፣ ትራስና አልጋ ለዩ። የታላቋን የትራስ ልብስ በየቀኑ ቀይሪ፣ በሙቅ ውሃ አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪ፤ ካውያ ካለሽ ተኩሺው። እስኪደርቅላት ድረስ ታናሿን አትሳማት። ሕፃኗ ላይ አንድ እንኳ ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሪ፣ ያኔውኑ ወደ ክሊኒክ ውሰጃት።