ከቢሮ ወደ ሳይት ለሚመላለስ የካድ (በኮምፒውተር ፕላን የመሳል) ባለሙያ፦ የላፕቶፕ፣ የሶፍትዌርና የኃይል ጥቆማ

አዲስ አበባ ቢሮው ተቀምጦ የሚሠራ አርክቴክት የሚገዛው ዕቃ፣ ሳምንቱን በሐዋሳና በኮምቦልቻ ሳይቶች መካከል ለሚያሳልፍ መሐንዲስ አይሆንም። ለሁለተኛው ሰው ዋናው ጥያቄ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሥራው ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው፤ የሚከተለው ጥቆማም የተጻፈው እሱን ታሳቢ በማድረግ ነው።

ከላፕቶፕ እንነሣ። በቦሌም ሆነ በመርካቶ ሱቆች ያገለገሉ ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። በተቀራራቢ ዋጋ ከሚሸጥ አዲስ የቤት ላፕቶፕ ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ፤ ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው የአብዛኞቹን ራምና ኤስኤስዲ ማሳደግ ይቻላል። ሆኖም ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ስላለ ብቻ ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ ጀነሬሽኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ስሙ በ«ዩ» ፊደል የሚያልቅ የ7ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ያለው ሁለት ኮር ብቻ ሲሆን፣ የ8ኛ ጀነሬሽን አቻው አይ 5 ግን አራት ኮር አለው። ከዚህም በላይ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚደግፈው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለኦቶካድ የሁለት ገጽታ ሥራ 16 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ ሬቪት ወይም ሲቪል ስሪዲ የተባሉትን ከባድ የሦስት ገጽታ ፕሮግራሞች የሚከፍት ሰው ግን 32 ቢያደርገው አይቆጨውም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ በብዛት የሚዘነጋው ባትሪው ነው። ዊንዶውስ ራሱ በኮማንድ ፕሮምፕት በኩል የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ እዚያ ላይ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ተጽፈው ይታያሉ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ፣ ወይ ዋጋው መቀነስ አለበት፣ ወይ ሻጩ ባትሪ መቀየር አለበት። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይህን ሪፖርት ማየት የሚወስደው ደቂቃ ነው።

ኃይልን በተመለከተ የእኔ ምርጫ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ ከ14 እስከ 15 ኢንች ማሽን ነው። ትልልቆቹ ሞዴሎች 180 ዋትና ከዚያ በላይ የሚፈልግ ከባድ ቻርጀር ስላላቸው በፓወር ባንክ አይንቀሳቀሱም፤ በፒክአፕ የሲጋራ ሶኬት ላይ በሚሰካ ኢንቨርተርም ያስቸግራሉ፤ ምክንያቱም ሶኬቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከ120 እስከ 180 ዋት ነው። በታይፕ ሲ የሚሠራውን ግን 65 ዋት የሚያወጣ 20,000 ሚሊአምፔር ፓወር ባንክ ለተጨማሪ ጥቂት ሰዓታት ያቆየዋል። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ መያዝ እንዳለበትና ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት አወር፣ ማለትም 27,000 ሚሊአምፔር ገደማ መሆኑን አይርሳ።

ማክቡክ ባትሪው እጅግ ጥሩ ነው፤ አርኪካድ የተባለውን የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም ወይም ኦቶካድን ብቻ ለሚጠቀም ሰው አልቃወምም። ሬቪትና ሲቪል ስሪዲ ግን የዊንዶውስ ብቻ ናቸው። በስናፕድራገን ፕሮሰሰር የሚሠሩት አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖችም ቢያማልሉ ይለፏቸው፤ ሠሪው ኩባንያ ኦቶዴስክ ኦቶካድን በእነሱ ላይ አይደግፍም።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ ኦቶካድ በኪራይ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ለአገራችን ሁለት ጣጣ ይዞ ይመጣል፦ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ የሚያወጣ ካርድ ይጠይቃል፣ ፈቃዱም ቢያንስ በየ30 ቀኑ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ መስክ የሚወጣ ሰው ከመነሣቱ በፊት ፕሮግራሙን ቢሮ ውስጥ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ቢከፍተው ይበጀዋል። ሁለት ገጽታ ብቻ ለሚሠራ ቀለል ያለው እትም ኦቶካድ ኤልቲ በዋጋ በጣም ይቀላል፤ ከ2024 እትም ጀምሮም ኦቶሊስፕ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚያሠራ የትእዛዝ ቋንቋ) ስለተጨመረለት የቀድሞው ትልቅ ጉድለቱ ተሟልቷል። አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታው መያዝ ለሚሻ አነስተኛ ቢሮ ግን ተመሳሳይ የሆኑትን ዜድደብሊውካድን ወይም ብሪክስካድን አስቀድማለሁ፤ ሁለቱም የዲደብሊውጂ (የኦቶካድ ሥዕል) ፋይልን በቀጥታ ይከፍታሉ፣ ትእዛዞቻቸውም ኦቶካድ ለለመደ እጅ እንግዳ አይደሉም። ተማሪዎችና መምህራን የኦቶዴስክን የትምህርት ፈቃድ በነፃ ያገኛሉ፤ ለደንበኛ ሥራ ግን አይፈቀድም። ስለ ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ ስለሚጫን ሶፍትዌር) ብዙ አልልም፤ የመንግሥት ፕሮጀክት ሰነድ የተጫነበትን ማሽን ምንጩ ላልታወቀ ፋይል መክፈት ከፈቃድ ዋጋ በላይ ያስከፍላል።

ሳይት ላይ የሚያስፈልገው በአብዛኛው መሳል ሳይሆን ማየትና መለካት ስለሆነ፣ ላፕቶፑን መኪና ውስጥ ትቶ ታብሌት ይዞ መውጣት ይሻላል። ዲደብሊውጂ ፋስትቪው የተባለው መተግበሪያ መሣሪያው ላይ የወረደን ፋይል ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል፤ የአርኪካድ ተጠቃሚ ደግሞ የአርኪካድ ማያ መተግበሪያ የሆነውን ቢአይኤምኤክስን ይያዝ። በብሮውዘር የሚሠሩትን፣ ኦቶካድ ዌብን ጨምሮ፣ ለመስክ አልመክርም። ኢትዮ ቴሌኮም ከከተማ ርቆም የሚደርስ ሰፊ ሽፋን አለው፣ ሳፋሪኮምም በትልልቅ ከተሞች ሁለተኛ አማራጭ ሆኗል፤ የሁለቱንም ሲም መያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሥራን በኔትወርክ ላይ ማንጠልጠል ሌላ ነገር ነው። በጸሐይ ላይ የሥዕሉ ጥቁር ዳራ ምንም ስለማያሳይ ወደ ነጭ መቀየር የግድ ነው፤ ያን ጊዜ ቢጫ መስመሮች ይጠፋሉና የሌየር (የሥዕሉ ንብርብሮች) ቀለሞችን ቢሮ ውስጥ አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል።

በአማርኛ የተጻፈ ፕላን የሚይዝ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያጣራ። የቆዩ የርዕስ ሠንጠረዦች የተጻፉት ብዙውን ጊዜ ዩኒኮድ (ለሁሉም መሣሪያ የጋራ የሆነ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ነው፤ ፎንቱ የሌለው ታብሌት «የመሬት ወለል ፕላን» የሚለውን በተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ያሳያል። መፍትሔው ጽሑፉን በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት እንደገና መጻፍ፣ ፋይሉን ለሌላ ሲልኩም በኢትራንስሚት (በኦቶካድ የማሸጊያ ትእዛዝ) ፎንቱንና ኤክስሬፎቹን (ከሥዕሉ ጋር የተያያዙ ሌሎች የሥዕል ፋይሎችን) አብሮ ማሸግ ነው።

የቅየሳ ፕላን ታብሌት ላይ ከፍቶ በጂፒኤስ ራሱን የሚፈልግ ሰውም ይጠንቀቅ። ብዙ ፕላኖቻችን በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት) የተሠሩ ሲሆን የስልክ ጂፒኤስ የሚሰጠው ግን ሌላውን ዳተም፣ ደብሊውጂኤስ 84ን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 200 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሳይለወጥ ከተነበበ ወደ ጎረቤት ይዞታ ያሻግራል።

ለኅትመት ኤ1 እና ኤ0 ፕሎተር (የትልልቅ ወረቀት ማተሚያ) ያላቸው ቤቶች በአዲስ አበባ አይታጡም፤ ከከተማዋ ሲርቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤ3 ነው። በየትኛውም ቤት ዲደብሊውጂ ይዞ አይገባም። ፕላኑን በራስዎ የመስመር ውፍረት ቅንብር በፒዲኤፍ አውጥተው፣ በ100 ፐርሰንት እንዲታተም አዝዘው፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንዱን የተጻፈ ልኬት በስኬል ማስመሪያ ለክተው ያረጋግጡ።